ወንፊት ያለው በረንዳ ስንት ያወጣል? በቆላማ ከተሞች የአንድ አነስተኛ ግንባታ የወጪ ግምት

(በፋኩልቲው ይፋዊ የትምህርታዊ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በግንባታ ኢኮኖሚክስ መጻሕፍት ውስጥ ሰፊ ቦታ የሚሰጠው አይደለም። በአንድ መኖሪያ ቤት ላይ የሚጨመር፣ ሦስት ጎኑ በወንፊት ሽቦ የተከለለ በረንዳ ነው። አንድ ግንበኛ፣ አንድ በያጅና ሁለት የቀን ሠራተኞች በጥቂት ሳምንታት ሊያጠናቅቁት የሚችሉት ሥራ ነው። ሆኖም የወጪ ገማች ሙያውን ጠንቅቆ ማወቁ የሚፈተነው እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ይመስለኛል። በትልቅ ሕንፃ ላይ አንድ የተረሳ የሥራ ዓይነት በሌላው ትርፍ ሊሸፈን ይችላል፤ በዚህ ሥራ ላይ ግን የተረሳው ነገር ቀሪውን ወጪ በሙሉ ከንቱ ያደርገዋል። ትንኝ በዘጠኙ በኩል ተዘግቶባት በአሥረኛው ከገባች፣ ዘጠኙን ለመዝጋት የወጣው ገንዘብ ምን አተረፈ?

ጉዳዩ ለምን ዛሬ እንደሚነሣ ለማስረዳት ብዙ መናገር አያስፈልግም። ከአገራችን የቆዳ ስፋት ሦስት አራተኛው ያህል ወባ ሊተላለፍበት የሚችል ነው፤ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች የሚገኘው ምድር ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. በአሥር ወራት ገደማ ውስጥ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ቀድሞ ወባ በዋነኛነት የገጠር ደዌ ነበር፤ አሁን ግን አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የትንኝ ዝርያ በከተማ ተደላድላለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ተገኘች፤ በ2022 ዓ.ም. ደግሞ በድሬዳዋ ለተነሣው ወረርሽኝ ምክንያት ሆነች። ይህች ትንኝ የምትራባው በውኃ ማጠራቀሚያ በርሜል፣ በታንከርና ለግንባታ ተብሎ በተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ መሆኑን ስታስቡ፣ የእኛ ሙያ ከጉዳዩ ምን ያህል እንደማይርቅ ትረዳላችሁ። አርማታውን ለማጠጣት የቆፈርነውን ጉድጓድ ሳንደፍን ትተነው የምንሄደው እኛው ነን።

“አጎበር እያለ በረንዳ ለምን?” የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አጎበር የሚጠብቀው የተኛን ሰው ነው። በአርባ ምንጭ፣ በጋምቤላ፣ በመተማ ወይም በአሳይታ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰው ወዲያው አይተኛም፤ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ሲያጠራቅም ስለዋለ ቤተሰቡ ወጥቶ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ቡናው እዚያ ይፈላል፣ ልጆች እዚያ ያጠናሉ፣ እራት እዚያ ይበላል። በአገራችን ዋነኛ የወባ አስተላላፊ የሆነችው አኖፊለስ አረቢየንሲስ ደግሞ ከቤት ውጭም ትነክሳለች፤ ሰው ገና ሳይተኛ፣ በመጀመሪያው የምሽት ክፍልም ትነክሳለች። እንግዲህ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ያለው ጊዜ ማንም ያልሸፈነው ክፍተት ነው። በረንዳውን የምንገምተው ለዚህ ክፍተት ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ወንፊት ያለው በረንዳ በዛሬው ጊዜ በዋነኛነት የምቾት ጉዳይ ሲሆን፣ ባለቤቱም የሚጠይቀው ቤቱ ሲሸጥ ምን ያህሉ ይመለስልኛል ብሎ ነው። በእኛ ቆላ ስሌቱ ከሌላ ቦታ ይጀምራል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሮናልድ ሮስ የወባ ተሕዋስን በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1897 ዓ.ም. ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ኢጣሊያዊው አንጀሎ ቼሊ ወባ በሚበዛባቸው ቦታዎች የሚኖሩ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ቤቶች በወንፊት ሽቦ መሸፈን ጀመረ፤ በእነዚያ ቤቶች የኖሩት ሰዎች ከሌሎቹ እጅግ ባነሰ ቁጥር ታመሙ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ፓትሪክ ማንሰን ሁለት ሐኪሞች፣ ሎው እና ሳምቦን፣ በሮም አቅራቢያ በኦስቲያ ረግረግ በወንፊት በተሸፈነ የእንጨት ጎጆ ውስጥ የወባውን ወራት እንዲያሳልፉ አደረገ። ሰዎቹ ቀን እንደፈለጉ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ግን ወደ ጎጆው ይገቡና እስኪነጋ አይወጡም ነበር። ኪኒን ሳይወስዱ ወራቱን በጤና ጨረሱ። ከዚህ ሙከራ ለገማች የሚጠቅመው ነገር፣ ወንፊቱ የሠራው ሰዎቹ በትክክለኛው ሰዓት ከውስጥ ስለነበሩ መሆኑ ነው። በረንዳው ሰው የሚወድደው፣ ነፋስ የሚያገኝ፣ ሰፋ ያለ ካልሆነ ቤተሰቡ ወንበሩን አውጥቶ ደጅ ይቀመጣል፤ የወጣውም ወጪ ባዶ በረንዳ ይጠብቃል። ስለዚህ ምቾትን ከወጪ ዝርዝሩ ላይ እንደ ቅንጦት መሰረዝ የስሌት ስሕተት ነው።

በቅርብ ዘመን የተደረጉት ጥናቶችም መታየት አለባቸው። በጋምቢያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. በላንሴት መጽሔት የታተመው ጥናት ሦስት ዓይነት ቤቶችን አነጻጽሯል፤ ምንም ያልተደረገላቸው፣ በርና መስኮታቸው እንዲሁም የጣሪያ ጠርዛቸው በሙሉ የተሸፈነ፣ ኮርኒሳቸው ብቻ በወንፊት የተሸፈነ። ባልተሸፈኑት ቤቶች በአንድ ሌሊት በአማካይ 37.5 ትንኞች ሲያዙ፣ በሙሉ በተሸፈኑት 15.2፣ ኮርኒስ ብቻ ባላቸው ደግሞ 19.1 ተይዘዋል። የደም ማነስ የታየባቸው ልጆች ቁጥርም በሁለቱ የተሸፈኑ ቤቶች ቀንሷል። እዚሁ አገራችን በአርባ ምንጭ አቅራቢያ በጫኖ ሚሌ በርና መስኮት በወንፊት ሲሸፈን ወደ ቤት የሚገባው የአኖፊለስ አረቢየንሲስ ቁጥር በ40 በመቶ ያህል መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ታትሟል። ነገር ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ በዚያችው በጋምቢያ፣ አጎበር በስፋት በሚጠቀም ሕዝብ መካከል በተሻሻሉ ቤቶች ላይ የተካሄደ ሰፊ ጥናት ከወባ ተጨማሪ ጥበቃ አላሳየም። ይህን ውጤት ደብቆ የሚያልፍ ሰው ሻጭ ነው። እኔ ከእነዚህ ጥናቶች የምወስደው ይህ ነው፦ ወንፊት የሚጠቅመው ክፍተቱ በሙሉ ሲዘጋ፣ በሩ ሲዘጋና የተቀደደው ሲጠገን ነው። ሦስቱም የገንዘብ ጉዳዮች ናቸው፤ በወጪ ዝርዝር ላይ ካልተጻፉም አይፈጸሙም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለምሳሌ ያህል በቤቱ ግድግዳ በኩል 4.4 ሜትር የሚረዝም፣ ወደ ውጭ 2.4 ሜትር የሚወጣ በረንዳ እንውሰድ። የወለሉ ስፋት 10.56 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ለስድስት ሰዎችና ለአንድ ረከቦት ይበቃል። ከታች 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የብሎኬት ግንብ ይዞራል። ከግንቡ በላይ እስከ 2.4 ሜትር ድረስ ወንፊት ነው። ጣሪያው ከቤቱ ግድግዳ 2.8 ሜትር ላይ ተነሥቶ ከፊት 2.4 ሜትር ላይ ያርፋል፤ በዚህም ምክንያት በሁለቱ ጎኖች ላይ ሦስት ማዕዘን ክፍተት ይፈጠራል። በሩ ከፊት በኩል 90 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2.1 ሜትር ቁመት አለው፤ ታችኛው ክፍሉ ላሜራ፣ የላይኛው 1.2 ሜትር ወንፊት ነው።

ሆን ብዬ በብር አልጀመርኩም። ዛሬ የምነግራችሁ ዋጋ ይህ ጽሑፍ በድረ ገጽ ላይ እስኪወጣ ድረስ እንኳ ላይጸና ይችላል። መጠን ግን አይለወጥም፤ በመጠን የጀመረ ግምት በማንኛውም ቀን፣ በማንኛውም ከተማ ዋጋ ሊሰጠው ይችላል።

መጀመሪያ ወንፊቱ። ከፊት ሦስት ክፍሎች፣ ከየጎኑ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ሰባት ክፍሎች ይኖሩናል። የፊተኞቹ 1.10 ሜትር፣ የጎኖቹ 1.14 ሜትር የጠራ ስፋት አላቸው። እነዚህ ቁጥሮች እንዲሁ የመጡ አይደሉም። ከገበያ የምንገዛው ጥቅል 1.2 ሜትር ስፋት አለው ብለን ስለተነሣን፣ በየጎኑ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ለማያዣ እንዲተርፍ ተደርጎ ምሰሶው የቆመበት ርቀት ከጥቅሉ ስፋት የተቀዳ ነው። ምሰሶዎቹን በ1.3 ሜትር ርቀት ያቆመ ሰው ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ቁራጭ ወንፊትና አንድ ተጨማሪ መሐል ብረት ያስፈልገዋል። ይህ የጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ልዩነት የወንፊቱን ቁራጮች ቁጥር እጥፍ ያደርጋል። ንድፍ አውጪውና ገማቹ ሱቅ ሄደው ጥቅሉን በሜትር ሳይለኩ ወረቀት ላይ መስመር ባይዘረጉ መልካም ነው።

ለሰባቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው 1.9 ሜትር ቢቆረጥ 13.3 ሜትር ይሆናል። ለበሩ 1.3 ሜትር እንጨምር። ለሁለቱ ሦስት ማዕዘኖችና ከበሩ በላይ ለምትቀረው ጠባብ ክፍተት አንድ 2.5 ሜትር ቁራጭ ይበቃል፤ ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች ተገልብጠው ከአንድ አራት ማዕዘን ይወጣሉ። ድምሩ 17.1 ሜትር፣ በስፋት 20.5 ካሬ ሜትር ነው። የሚሸፈነው የጠራ ስፋት ሲሰላ ግን 16.4 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ በጥንቃቄ በተነደፈ ሥራ ላይ እንኳ የሚገዛው ከሚታየው በአንድ አራተኛ ይበልጣል። ተማሪዎች በተለምዶ የሚይዙት የ5 በመቶ ብክነት ለዚህ ሥራ አይሠራም።

የወንፊቱ ዓይነትም የዋጋ ጉዳይ ነው። በአንድ ኢንች 18 በ16 ክር ያለው የተለመደው ወንፊት፣ የክሩ ውፍረት 0.28 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ቀዳዳው ከ1.1 እስከ 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ትንኝን ይከለክላል። ከጠቅላላ ስፋቱ ለነፋስ ክፍት ሆኖ የሚቀረው 66 በመቶ ያህል ነው። በመተማና በሑመራ አካባቢ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ግን ከዚህ ታንሳለች፤ እርሷን ለመከልከል ይበልጥ የጠበበ ወንፊት ያስፈልጋል፤ ሲጠብ ደግሞ ነፋሱ ይቀንሳል። በአነስተኛ መስኮት ላይ ይህ ጉዳት ከባድ ነው፤ ክፍሉ ይታፈናልና። ሦስት ጎኑ ክፍት የሆነ በረንዳ ግን የቀነሰውን በስፋቱ ይክሳል። ከመስኮት ይልቅ በረንዳን ከምደግፍባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ቀጥሎ ብረቱ። ዘጠኝ ምሰሶዎች፣ የላይኛው ማሰሪያ፣ ከግንቡ ላይ የሚያርፈው አግዳሚ፣ በጎኖቹ ሦስት ማዕዘኑን የሚለየው አግዳሚ፣ የበሩ ክፈፍ፤ ሁሉም ሲደመር 52.6 ሜትር ይመጣል። አርኤችኤስ በ6 ሜትር ቁመት ስለሚሸጥ በስሌት ዘጠኝ ዘንግ ይበቃል፤ ቁርጥራጩ ግን ሁልጊዜ አይገጣጠምምና አሥር እንያዝ። እስከዚህ ድረስ ማንኛውም በያጅ በቃል ይነግራችኋል።

ማንም የማይነግራችሁ ወንፊቱን ከብረቱ ጋር የሚያጣብቀውን ማያዣ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል ዙሪያ ቀጭን የላሜራ ወይም የእንጨት ማያዣ መሄድ አለበት። የሰባቱን ክፍሎች፣ የበሩን፣ ከበሩ በላይ ያለውንና የሁለቱን ሦስት ማዕዘኖች ዙሪያ ስንደምር 57.5 ሜትር ይሆናል። ከዋናው ብረት ይረዝማል ማለት ነው! ማያዣው በየ15 ሴንቲ ሜትሩ በብሎን ይታሰር ብንል 383 ብሎኖች፣ ያንኑም ያህል በድሪል የሚበሱ ቀዳዳዎች አሉ። የእጅ ዋጋው ከታሰበው በላይ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። በያጁ በአንድ ቀን ተኩል ክፈፉን አቁሞ ሲያበቃ ባለቤቱ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ገና አራት መቶ ቀዳዳ ይቀረዋል። ገንዘቡ ያለቀበት ሰው በዚህ ደረጃ ላይ ወንፊቱን በቀጥታ በክፈፉ ላይ በብየዳ ወይም በታጠፈ ሚስማር ያስይዘዋል፤ ከዓመት በኋላ ሲቀደድም ሊፈታው አይችልም።

ወለሉና ግንቡ ቀላል ስለሆኑ ፈጥኜ ልለፋቸው። አሥር ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወለል 1.06 ሜትር ኩብ አርማታ ይፈልጋል፤ በሜትር ኩብ 350 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ቢያዝ ስምንት ከረጢት ነው። ግንቡ 5 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ከሚሰበረው ጋር 65 ብሎኬት። ጣሪያው ከነመውጫው ወደ 14 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ይወስዳል፣ መደራረቡ ሳይቆጠር። አፈሩ የሚያብጥ ጥቁር አፈር ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ትታችሁ መሠረቱን እንደገና አስቡ፤ ወለሉ ሲሰነጠቅ ክፈፉ ይዛነፋል፣ ክፈፉ ሲዛነፍ በሩ አይገጥምም።

የዚህ ሥራ ትልቁ ቁም ነገር ከጣሪያው ሥር ነው። የተለመደው ቆርቆሮ ማዕበል 18 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ቆርቆሮው በላይኛው ማሰሪያ ብረት ላይ ሲያርፍ ከእያንዳንዱ ማዕበል ሥር ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱ በአማካይ የጥልቀቱ ግማሽ፣ 9 ሚሊ ሜትር ነው ብንል፣ በ4.4 ሜትር ርዝመት ላይ ሲባዛ 396 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጎንና ጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ማለት ነው። አንድ ሰው 16 ካሬ ሜትር ወንፊት በጥንቃቄ ዘርግቶ ሲያበቃ ከፊት ለፊቱ ጭንቅላት የሚያስገባ ቀዳዳ ከፍቶ ቢተው ሁላችንም እንስቅበታለን። ቀዳዳው በ4.4 ሜትር ላይ ተበታትኖ ስለተቀመጠ ግን አናየውም። ትንኝ ግን ታየዋለች፤ ቤት ውስጥ ለመግባት በጣሪያና በግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት የምታዘወትር ናትና። መዝጊያው ውድ አይደለም፦ የተቆራረጠ የወንፊት ትራፊ፣ በማዕበሉ ልክ የተቆረጠ ስፖንጅ ወይም ጣውላ፣ አለዚያም ጭቃ። የሚያስፈልገው አንድ ሠራተኛ በመሰላል ላይ ሆኖ የሚያሳልፈው አንድ ቀን ነው። ይህ ቀን በወጪ ዝርዝሩ ላይ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው። ከሌሎች ሥራዎች ጋር “ተካትቷል” ተብሎ ከተጻፈ አይሠራም።

የበሩም ነገር እንዲሁ ነው። በሩ ወደ ውጭ መከፈት አለበት፤ ወደ ውስጥ ከተከፈተ በወንፊቱ ላይ ያረፉትን ትንኞች ይዞ ይገባል። በስፕሪንግ ራሱ የሚዘጋ መሆን አለበት፤ እጁ ረከቦት የያዘ ሰው በር አይዘጋም። ከሥሩ ደፍ ይኑረው፣ ከደፉም ጋር የሚገናኝ የጎማ ጠርዝ። ስፕሪንግ፣ ማጠፊያና ጎማ ከጠቅላላው ወጪ ጥቂቱን ይወስዳሉ፤ ገንዘብ ሲያጥር ግን መጀመሪያ የሚሰረዙት እነርሱ ናቸው። እኔ ብጠየቅ የበረንዳውን ስፋት በአንድ ሜትር ቀንሱና በሩን በሙሉ ዕቃው አስገጥሙ እላለሁ።

አሁን ዋጋ። ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ መሰብሰብ የታወቀ ነው። እኔ የምጨምረው ሦስት ማስጠንቀቂያ ነው። አንደኛ፣ ዋጋው የተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትት አያካትት በጽሑፍ ይረጋገጥ፤ በአንድ መቶ ሺህ ብር ዕቃ ላይ 15 በመቶው አሥራ አምስት ሺህ ብር ነው፣ ይህም የበሩን ሥራ ሊያስቀር ይችላል። ሁለተኛ፣ ፕሮፎርማው የሚጸናበት የቀን ብዛት ይታይ። ሦስተኛ፣ የመጓጓዣ ወጪ። ስድስት ሜትር ዘንግ በባጃጅ አይሄድም፤ አሥር ዘንግ ለመጫን የሚከፈለው ኪራይ ሠላሳ ለመጫን ከሚከፈለው እምብዛም አያንስም። ጎረቤታሞች አብረው ቢገዙ የሚያተርፉት በዚህ ላይ ነው።

መጠባበቂያውን በተመለከተ በአንድ ቁጥር፣ በተለምዶ 10 በመቶ፣ መያዙን አልወደውም። ሁለት የተለያዩ ሥጋቶች አሉ። አንደኛው የመጠን ሥጋት ነው፦ ግድግዳው ቀጥ ያለ አይደለም፣ መሬቱ ያጋደለ ነው፣ አንድ ዘንግ ተበላሸ። ለዚህ 10 በመቶ ይበቃል፤ ጥንቃቄ ሲጨምርም ይቀንሳል። ሁለተኛው የዋጋ ሥጋት ነው፤ ይህን የገማች ጥንቃቄ አይቀንሰውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወንፊት፣ አሉሚኒየምና የብረት ጥሬ ዕቃ በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። አሸዋ፣ ብሎኬትና የእጅ ዋጋ በሌላ ፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ግምቱን ከውጭ በሚገባና በአገር ውስጥ በሚገኝ ብላችሁ በሁለት ዓምድ ክፈሉት፤ የዋጋ ሥጋቱን በመጀመሪያው ዓምድ ላይ ብቻ አክብዱት።

ይህ አከፋፈል የግዢውን ቅደም ተከተልም ይወስናል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሥራ የሚሠራው በዕቁብ ነው እንጂ በባንክ ብድር አይደለም። ዕቁቡ ሲደርስ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ልማዱም ወለልና ግንብ መጀመር ነው፤ ሰው ከታች ወደ ላይ ይሠራልና። ነገር ግን ዋጋው የሚሸሸው ወንፊቱና ብረቱ ነው። ዕቁቡ የደረሰው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ 17.1 ሜትሩን ወንፊት፣ አሥሩን ዘንግ፣ ብሎኑን፣ ማጠፊያውንና ስፕሪንጉን ገዝቶ በደረቅ ቦታ ያኑር። ወለሉን በሚቀጥለው ደመወዝ ያፍስስ። ሲሚንቶ አስቀድሞ መግዛት ግን አይመከርም፤ በቆላ እርጥበት በጥቂት ወራት ይጠጥራል። ዕጣው መጨረሻ ላይ የሚወጣለት ሰውስ? ለእርሱ ግምቱን በዛሬ ዋጋ ሠርቶ መስጠት ማታለል ነው፤ ዕጣው ሊወጣ በሚችልበት በመጨረሻው ወር ዋጋ መገመት አለበት፤ ገንዘቡ ካልበቃም የትኛው ክፍል እንደሚቀር ከወዲሁ መወሰን አለበት። በእኔ ግምት መቅረት ያለበት የብሎኬቱ ግንብ ነው። ወንፊቱ እስከ ወለሉ ወርዶ ከታች በላሜራ ቢጠበቅ ይሠራል፤ መልኩ ያንሳል እንጂ።

ዕድሜውን እንይ። ብረቱ በየጊዜው ከተቀባ ሃያ ዓመት ይቆያል፣ ወንፊቱ አምስት ዓመት ይቆያል ብለን እንነሣ። በሃያ ዓመት ውስጥ ወንፊቱ አራት ጊዜ ይገዛል፤ 68.4 ሜትር። መጀመሪያ ሲሠራ አነስተኛ የነበረው የወንፊት ወጪ በዕድሜ ልክ ሲሰላ ከዋነኞቹ ተርታ ይገባል። አራት መቶው ብሎን ትርጉም የሚያገኘውም አሁን ነው፤ የሚፈታ ማያዣ ያለው በረንዳ ወንፊቱን ብቻ ይለውጣል፣ የተበየደው ክፈፉን ጭምር ያፈርሳል። የፓናማ ቦይ ሲቆፈር አሜሪካውያኑ ለቤቶቹ በረንዳ የመዳብ ሽቦ መምረጣቸው ከዚህ ስሌት የመጣ ነው፤ ተራው የብረት ሽቦ በዚያ እርጥበት ፈጥኖ ስለሚዝግ ነው። ለባለቤቱ የምትሰጡት የወጪ ዝርዝር በመጨረሻው ገጽ ላይ በየዓመቱ የሚቀመጠውን የጥገና ገንዘብ ይጥቀስ። የአንድ ወንፊት ዋጋ ለአምስት ተካፍሎ፣ ከቀለም ጋር።

ፓናማን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። የጤና ኃላፊው ዊልያም ጎርጋስ እ.ኤ.አ. በ1904 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የወንፊት ሽቦ ጥያቄው በአስተዳዳሪዎቹ ዘንድ እንደ ብክነት ይታይ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ቢጫ ወባ ሠራተኛውን ማሸሽ ሲጀምር ነው ገንዘቡ የተፈቀደው። ተፈቅዶም ለሁሉም አልደረሰም። “የወርቅ መዝገብ” በተባለው የተመዘገቡት ነጭ አሜሪካውያን ወንፊት ባለው በረንዳ ሲቀመጡ፣ በ“ብር መዝገብ” የነበሩት ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ጥቁር ሠራተኞች አብዛኞቹ ያለ ወንፊት ይኖሩ ነበር፤ በበሽታም ይሞቱ የነበሩት በብዛት እነርሱ ናቸው። ወንፊቱ እንደሚሠራ ታውቆ ነበር፤ የተለያየው በጀቱ የማንን ስም እንደያዘ ነው።

በእኛ ከተሞች ይህ ጥያቄ በተከራይ ላይ ይወድቃል። ተከራይ በሰው ቤት ላይ የሃያ ዓመት ክፈፍ አይበይድም። የመኖሪያ ቤት ኪራይን ለመቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ ሁለት ዓመት ደግሞ ከአንድ ወንፊት ዕድሜ ያነሰ ነው። ለዚህ ሰው የሚሠራው ግምት ሌላ ነው። ክፈፉ ከእንጨት ይሁን፤ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ተሠርቶ በአራት ብሎን ከነባሩ ምሰሶ ጋር ይታሰር፤ ቤት ሲለቅ ፈትቶ ይውሰደው። ክፍሎቹ 1.1 ሜትር ከሆኑ በሚቀጥለው ቤት ላይ መግጠማቸው አይቀርም ባይባልም፣ ተቆርጠው ሊገጥሙ ይችላሉ። አከራዩ የጣሪያውን ጠርዝና ደፉን፣ ተከራዩ የሚፈታውን ክፍል ቢሸፍን ሁለቱም የየራሳቸውን ይዘው ይቀራሉ። እንዲህ ያለ ስምምነት በውሉ ላይ በአንድ አንቀጽ ሊጻፍ የሚችል ነው፤ አንቀጹን የሚያረቅቁ የሕግ ተማሪዎች ከእኛ ጋር ቢሠሩ ደስ ይለኛል።

ለሁለቱም ዓይነት፣ ለቋሚውና ለሚፈታው፣ የመጠን መሰብሰቢያ ቅጽ ተዘጋጅቶ በአዳራሹ መውጫ ላይ ተቀምጧል። የዋጋው ዓምድ ባዶ ነው። በዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ አንድ በረንዳ ለክታችሁ፣ ከቆርቆሮው ሥር ያለውን ክፍተት ጭምር ለክታችሁ፣ በከተማችሁ ዋጋ ሞልታችሁ ብትመልሱልኝ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ከተለያዩ ቆላማ ከተሞች የመጣውን ጎን ለጎን አስቀምጠን እናየዋለን። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ፤ ከኋላ በኩል እጁን ያነሣው ተማሪ ይጀምር።